ሽቶ የተቀባው ድር

ባለፈው ሳምንት ከአውቶቡስ ተራ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የዓረብ ሽቶ ተቀብታ ነበር። ደስ የሚል ሽቶ ነው፤ እኔ ግን መስኮቱን ከፈትኩት። ይኸው ልጆች ወልጄ ድሬም፣ ያ ሽቶ ሲያውደኝ ዛሬም ለፈተና ልቀመጥ የሄድኩ ይመስለኛል።

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ነበር፤ ባዮሎጂ። አባቴ ጭድ ተራ አጠገብ ጆንያና ገመድ ይነግዳል። በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ አንድ የጨርቅ አስመጪ ለልጁ ሽማግሌ ላከብን። ልጁን አላውቀውም፤ ክፉ ነው ያለኝም የለም፤ ግን አልፈለግኩም። አባቴ ሽማግሌዎቹን ከዓረፋ በኋላ ኑ ብሎ ሸኛቸውና ወደ እኔ ዞረ።

"ዘንድሮ ከተመረቅሽ የወደድሽውን ታገቢያለሽ። ካልተመረቅሽ ግን እሺ እላቸዋለሁ፤ የሰው ልጅ እስከ መቼ አስጠብቃለሁ?" አለኝ። የአባቴን ቃል መርካቶ ሙሉ ያውቀዋል፤ አንዴ ካለ አለ ነው።

የቀረኝ የመመረቂያ ጥናቴ ብቻ ነበር፤ እሱም በአንዲት ሸረሪት ላይ ተንጠልጥሏል። ወንድ ያላገኛት ሴት ሸረሪት ድሯ ላይ ኬሚካል ትተዋለች። የእኛ አፍንጫ ምንም አይሸተውም። ወንዱ ግን ከሩቅ ይደርሰዋል፤ ድሩ ላይ ሲወጣማ በእግሩ ነው የሚያሸተው። እኔ ከትንሽነቷ ለብቻዋ ያሳደግኳትን ሸረሪት የእንጨት ፍሬም ላይ ድር እንድታደራ አደረግኩና፣ ወንድ ሸረሪቶች በጆንያው መሃል በሚርመሰመሱበት በአባቴ መጋዘን አስቀመጥኳት። ከጎኗ ባዶ ፍሬም አቆምኩ። ወንዶቹ ወደ የትኛው ይሄዳሉ? ጥናቱ ይኸው ነው።

አልመጡም። በየጠዋቱ ጭቃውን እየረገጥኩ ሄጄ መጋዘኑን እከፍታለሁ፤ ማንም የለም። እህል አልወርድ አለኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ዘይነባ ቆጮ በአይብ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ሳልነካው ይመለሳል። ምን ሆንሽ ብትለኝ ነገሩን አስረዳኋት። ሴቷ በጠረኗ ነው የምትጠራው አልኳት። አክስቴ በሐሳብ ጭልጥ ብላ ሰማችኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ስገባ መጋዘኑ በሽቶ ታውዶ ጠበቀኝ። አክስቴ ፍሬሙ አጠገብ ቆማ ጠርሙሷን ትከድናለች። ድሩ ረጥቧል።

"ልጄ፣ ሙሽራ ሽቶ ሳትቀባ ማን ይመጣላታል?" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

እኛ ቤት ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን መጋረጃው ሳይቀር ሽቶ ይረጫል። የምታውቀውን ነው ያደረገችልኝ፤ እንዴት ልቆጣት? ጆንያ ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባቴ ለቅሶዬን ሰምቶ ገባ። ምን ይሻላል አለኝ። ንጹሕ ፍሬም፣ አዲስ ድር፣ ደግሞም ፀጥታ ያስፈልጋል፤ ያውም የጥናቱ ማስረከቢያ ቀን ካልቀደመኝ አልኩት። ወዲያው ወጣ። በማግስቱ እኔ ሸረሪቷን ወደ ንጹሕ ፍሬም ሳዛውር፣ እሱ ኩሊዎቹን መጋዘን እንዳይገቡ ከለከለ። ገበያው በሚደራበት በዓረፋ ሰሞን ደንበኛውን ሁሉ ደጅ አቁሞ፣ ጆንያውን ራሱ ቀስ እያለ ያወጣ ጀመር። ጎረቤቱ በአባቴ ተገርሞ "ሐጂ ምን ነካቸው?" ይባባላል።

ማስረከቢያው ሊደርስ ሲል አንድ ጠዋት አባቴ በሹክሹክታ ጠራኝ። ምስር የማታህል ነገር አዲሱ ድር ጠርዝ ላይ ቆማ በፊት እግሮቿ ትዳስሳለች፤ ወንዱ ነው። ባዶውን ፍሬም ዞር ብሎም አላየው። ከዚያ ድሩን እየቆረጠ ይጠቀልል ገባ። አባቴ ሥራዬን ያበላሸብኝ መስሎት ደነገጠ። የድሩ ጠረን ሌላ ወንድ እንዳይጠራበት ነው አልኩት።

"ሱቁን ዘግቶ ነው የገባ በይኛ" አለና ሳቀ።

ጠቅልሎ ሳይጨርስ ሌሎችም ደረሱበት። ባዶው ላይ አንድም አልወጣም። ተመረቅኩ፤ ሽማግሌዎቹም ተመልሰው አልመጡም። አባቴ ቃሉን ጠብቆ መለሳቸው ብዬ ስንት ዘመን ኖርኩ።

ትናንት አክስቴን ልጠይቅ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሄጄ ነበር። አርጅታለች፤ ጨዋታዋ ግን አልተዋትም። ያን ጊዜ አንስተን ስንስቅ ድንገት ነገረችኝ፤ አባቴ ሽማግሌዎቹን ልጄ አልፈለገችም ብሎ የመለሳቸው እኔ ባለቀስኩበት በዚያው ዓርብ ነው፤ ገና ወንዱ ሳይመጣ።

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም? በጭንቀት ልሞት አልነበር እንዴ?" አልኳት።

"ብነግራት ትምህርቱን ትተወዋለች ብሎ ፈራ። እንቅልፍ አጥቶ ነው የሰነበተው።"

አባቴ ካረፈ ቆየ። እኔ እሱን ፈርቼ ስባትት፣ ለካ እሱ ስለ እኔ ፈርቶ ይባትት ኖሯል። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ቀርበን፣ ሁለታችንም እህሉ አልወርድ እያለን ተፋጥጠን ነበር፤ እኔ ግን የራሴን ሳህን ብቻ ነበር የማየው።