የአስር ቁጥሩ ጉልበት

ሰልስት ላይ ስለ ኳስ መከራከር በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም። በከተማችን በዘመሮ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ወንድ የመጀመሪያውን ቀን ስለ ሟች ያወራል፣ በሁለተኛው ቀን ስለ ገብስና ስለ ውርጭ፣ በሦስተኛው ቀን ወሬ ያልቅበትና ኳስ ይጀምራል። ያን ቀን ግን ክርክሩ ቴሌቪዥን ላይ ስለሚታየው ቡድን አልነበረም። ስለ ሐዘንተኛው ስለ ራሱ ነበር። እሱም እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ከተከራካሪዎቹ ሦስት አግዳሚ አለፍ ብሎ፣ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ ተቀምጧል። የሞቱት እናቱ ናቸው።

እኔ ወጌሻ ነኝ። ሙያውን ከአባቴ ወረስኩ፤ እሳቸው የበግም የሰውም አጥንት ይጠግኑ ነበር። የከተማችንን ቡድን ውልቃትና ወለምታ ሳሽ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐዘንተኛው ደግሞ በዚያ ቡድን አስር ቁጥር ለብሶ የተጫወተው ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ አሁን ሠላሳውን አልፏል፤ ጫማ ካደረገም፣ የኳስ ጫማ ማለቴ ነው፣ ቆይቷል።

ወሬውን የጀመረው አንድ ባለባጃጅ ነው። አፉን መያዝ የማይሆንለት ሰው ነው።

«እስቲ አትቆጡኝና፣ እውነቱን እንነጋገር» አለ። «ስንት ጨዋታ ተጫወተልን? አንድ ቢጫወት ሦስት ይተኛል። ብርጭቆ ነበር።»

አጠገቡ ጡረታ የወጡ መምህር ተቀምጠዋል። በዚያን ጊዜ አንድ ጨዋታ አያመልጣቸውም ነበር። ንፍሯቸውን ከመዳፋቸው አራገፉ።

«አንተ ያልተጫወተውን ትቆጥራለህ፤ የተጫወተውን ቁጠር እንጂ። ዓለም ከተማ ሄደን ስንጫወት ጀርባውን ሰጥቶ ያቀበላትን ኳስ ረሳሃት? ከዚያ በኋላ እንዲያ ያለ አማካይ አይተናል?»

«አንዲት ኳስ ናት፣ መምህር። ትልቅ ተጫዋች ማለት ሜዳ ላይ የሚገኝ ነው።»

«ሰውነቱ ከዳው እንጂ እሱ አልከዳንም።»

«ሰውነቱን የሚጠብቀውስ ማን ነው?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ሐዘንተኛው ያሸለበ መስሏቸዋል። እኔ ግን ጉልበቱን አያለሁ። የሰው ፊት አይቼ ብዙ አይገባኝም፤ ሰው ሲያሸልብ ጉልበቱ እንደሚላላ ግን አውቃለሁ። የእሱ ጉልበት ጋቢው ስር እንደተወጠረ ነበር። ሁሉንም ይሰማል።

ባለባጃጁ ይብቃኝ አይልም። «ደሞ ስንፍናውስ? እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ሁሉ ገብስ ከአውድማ ተሸክመው ሲመጡ እሱ ባዶ እጁን ከኋላ ሲከተል ያላየ ማን አለ? የሚጎዳውስ ለዚያ ነው፤ ሥራ ያልለመደ ሰውነት።»

መምህሩ በከዘራቸው መሬቱን መጫር ጀመሩ። ይህንንስ ሁሉም አይቷል። እዚህ ላይ የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ንፍሮ አነሳሁ፣ አኘክሁ፣ ዋጥሁ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ከጎረቤት ከተማው ቡድን ከራቤሎች ጋር ለዋንጫ ልንጫወት ሁለት ሳምንት ሲቀረን ልጁ ልምምድ ላይ ጉልበቱ ዞረ። በማለዳ ነው፤ ሜዳው በውርጭ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ቤቴ አምጥተውት በቅቤ አሸሁት። ቀጭ አለ። ተመልሷል አልኩ። ገበያ መሐል ለጠየቀኝ ሁሉ «ድኗል፣ አትስጉ» እያልኩ ሰነበትኩ።

በመሐሉ ያለወቅቱ ደመና መጣ። የእናቱ ገብስ አውድማ ላይ ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሌላ ሰው ቢያጡ ልጃቸውን አንድ ጆንያ አሸከሙት። አንድ ጆንያ፤ ከዚያ በላይ አይደለም። እሱም ምንም ሳይል አድርሶ መጣ።

የጨዋታው ዋዜማ ደግሜ ዳሰስኩት። የጉልበቱ ሎሚ ከጣቴ ስር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ውስጡ ያለው ማሰሪያ ማጠፊያው እንደላላ በር ሆኗል። ይህ የጆንያ ሥራ አልነበረም። መጀመሪያ ያመጡት ቀንም እንዲያው ነበር፤ ያን ቀን ጣቴ ነግሮኛል፣ እኔ አልሰማሁትም። ቀጭ ያለውን ብቻ ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ በርኖሳቸውን ደርበው ደጄ ላይ ቆሙ።

«አንተ፣ ልጄ ይጫወት ወይስ ይቅር? እኔ ያንተን ቃል ነው የምሰማ።»

«ድኗል፣ እትዬ። ይጫወት» አልኩ።

ለምን አልኩ? አልዳነም ብል ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋሽተሃል ሊባል ነው። ወጌሻ አይደለህም ሊባል ነው። ደግሞ ማሸነፍ ፈልጌ ነበር፤ ይህንንም ልናገር። ራቤሎች ባለፈው ዓመት አሸንፈውን ገበያ ላይ ሲሳለቁብን ከርመዋል።

ከእረፍት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ለመዞር እግሩን እንደተከለ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ አልጮኸም፤ ሰማይ ሰማይ ያያል። ኋላ ሆስፒታል ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። አስር ቁጥሩን ሌላ ልጅ ለበሰው።

በዚያው ሰሞን እናቱ እንደገና መጡ። እንዳያለቅሱ ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

«ያች ጆንያ ናት አይደል? እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

«ተዉት እንግዲህ፣ እትዬ፤ የሆነው ሆኗል» አልኳቸው። ያልኩት ይኸው ነው። አይደለም አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን ባልዲ ውሃ እንኳ አላስነኩትም። ገብሱን በጀርባቸው፣ ጭዱን በጀርባቸው። ሊቀበላቸው ከሞከረ መንገድ ላይ ቀጥ ይላሉ፤ እጁን ካላነሳ አንድ እርምጃ አይራመዱም። ምን ያድርግ? ባዶ እጁን ይከተላል። ሰው ደግሞ ያየውን ነው የሚያወራ።

ወገባቸው አልቻለም። ታዲያ ወደ ማን ይሂዱ? ወደ እኔ መጡ። ክረምት በገባ ቁጥር ዝተት ላይ በደረታቸው ይተኛሉ፣ እኔ በሁለት አውራ ጣቴ ወገባቸውን አሻለሁ። ጭነቱ የት የት እንዳረፈ በእጄ አውቀዋለሁ። ሲነሱ ሁልጊዜ «እጅህን ይባርከው» ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያ ቃል ያቃጥለኝ ነበር፤ እንጀራ አላስበላ ይለኝ ነበር። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ቀረ። የደነዘዘ እግር አሽቼ አውቃለሁ፤ በመርፌ ብትነካው ባለቤቱ ወሬውን ይቀጥላል። እኔም እንዲያ ሆንኩ። «አሜን» እያልኩ እጄን እታጠባለሁ።

በመጨረሻ የጣላቸው ወገባቸው አይደለም፤ ሳንባ ነው አሉ። ቀብር ላይም ምንም አልተሰማኝም። አፈር ሲመለስ አካፋ ተቀብዬ አግዣለሁ።

እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ ባለባጃጁ «ሥራ ያልለመደ ሰውነት» ሲል አፌ ተከፈተ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። የእናቱ ጆሮዎች መሬት ስለገቡ፣ መናገር የቀለለኝ ይመስለኛል።

«አንተ ልጅ፣ በቃህ» አልኩት። «ሰነፍ አይደለም፤ እሳቸው ናቸው የከለከሉት። ጆንያ አሸክሜ ሰበርኩት ብለው ነበር። ጆንያው አልሰበረውም። ጉልበቱ እንዳልዳነ ከጨዋታው በፊት አውቅ ነበር፤ ይጫወት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ባለባጃጁ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። መምህሩ እኔን ሳይሆን እጆቼን ያዩ ነበር።

ሐዘንተኛው ጋቢውን ከግንባሩ ገፋ አደረገ። ድምፁ የሦስት ቀን ለቅሶ ስለዘጋው ጠጋ ብለን ነው የሰማነው።

«እኔማ አውቃለሁ፣ ጋሼ። የዋንጫው ጠዋት ጉልበቴን ስታስር ቀና ብለህ አላየኸኝም። ያኔ አውቄያለሁ። መጫወት ስለፈለግሁ እኔም ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ለእሳቸው…» አልኩ።

«ስንቴ ነገርኳት። ጆንያው አይደለም፣ ከዚያ በፊት ነው እላታለሁ። ሊያጽናናኝ ነው ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ በነጋታው ተነስታ ትሸከማለች። የወጌሻውን ቃል ነበር የምታምነው። አንድ ቀን ብትነግራት ታወርደው ነበር።»

አልጮኸብኝም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን መልሶ ተከናነበ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ። የእድሩ አግዳሚዎች ወደ መጋዘን መመለስ አለባቸው፤ ሁለት ሁለት ሰው እየሆነ ያነሳል። እሱ ብቻውን አንዱን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለው። ሰው ሁሉ እጁ ላይ ያለውን ይዞ ቆመ። ከልማድ ይሆናል፣ «አስቀምጥ አልኩህ» የሚለውን የእናቱን ድምፅ የጠበቅን መሰለኝ። የሚለው የለም። ባለባጃጁ ሮጦ ሌላኛውን ጫፍ ሊይዝ ሲል «ተወኝ» አለው፤ መንገድ ጀመረ። ጉልበቱ በየእርምጃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል።

እኔ ከቦታዬ ሆኜ ያን ጉልበት እያየሁ ነበር። ስንት ዓመት የዳሰስኩት ነው፤ ምን ያህል እንደሚችል አውቃለሁ። መጋዘኑም ሩቅ አይደለም።

«ይችላል» አልኩ።

መምህሩ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው፣ ምናልባት ቢወድቅ ብለው፣ ከኋላው ከኋላው ሄዱ።