ጋኔን የታተመበት ማልያ

ዛሬ ቀራንዮ ሜዳ ላይ ግጥሚያ ሊጀመር ሲል በረኛችን አቤል ያለ ማልያ መጣ። እናቱ እትዬ አስካለ ጸበል ረጭተው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

የሰፈራችን ቡድን አዲሱ ማልያ ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ «ዴመን» የሚል ታትሞበታል። እትዬ አስካለ ትርጉሙን ጠይቀው «ጋኔን» ተባሉ።

ሌላ በረኛ የለንም። እየሮጥኩ ቤታቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ፈረንጆች እኮ ሥራ ላይ የማይደክመውን ሰው ጋኔን ይሉታል። ሙገሳ ነው።»

«እኛ እንዲህ ያለውን ጸበል ነው የምንወስደው።»

«እርስዎስ አቤልን ‹አንተ ሰይጣን› ይሉት የለ?»

«እሱ የኛው ነው፣ ጠባዩን እናውቀዋለን። ይሄ ከውጭ የገባ ነው!»



በስንት ልመና ማልያውን ገልብጦ እንዲለብስ ፈቀዱ። ዳኛው «ምንድነው ይሄ?» ሲል «እናቱ ናቸው» አልነው። ደንቡ ላይ የተጻፈ ይመስል ራሱን ነቅንቆ ፊሽካውን ነፋ።

ከዕረፍት ስንመለስ አጥቂያችን ከድርም ገልብጧል።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?»

«እናቴ ደወለች።»

ወዲያው ሁሉም ገለበጠ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ጎሉ ግርግር ውስጥ ስለገባና የማንም ቁጥር ስለማይታይ፣ ያገባሁት እኔ ነኝ የሚሉ አራት ልጆች አሉን።

እናንተስ ሰፈር እናት ጣልቃ የገባችበት ጨዋታ አለ? እስቲ አውሩን።