ራሱን ይዤ ወጣሁ፣ እግሩ ጅማ ቀረ

ከጅማ የወጣሁት በመግሪብ አዛን ነው። የሰፈራችን የበቾ ቦሬ ሰው ለሶላት ሲገባ፣ እኔ የስፌት መኪናውን ራስ በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አዝዬ፣ በደሌ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ።

"ልጁ አያለቅስም እንዴ?" አለኝ ሾፌሩ።

"ጨዋ ነው" አልኩት። የማለቅሰው እኔ ነበርኩ፣ በንዴት።

የተናደድኩት በዘሃራ ነው። መኪናውን አብረን ነው የገዛነው፤ እሷ አምባሯን ሸጠች፣ እኔ ጊደሬን። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ፤ በረንዳችን ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ታዲያ መኪናችንን ለቀበሌው የስፌት ማህበር መስጠቷን ከማን የሰማሁ ይመስላችኋል? ከሊቀመንበሩ! በስብሰባ! "ዘሃራና ሀዋ መኪናቸውን በፈቃዳቸው ሊያስረክቡ ተስማምተዋል" ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። በዚያ በአብዮቱ ዘመን ያላጨበጨበ ይታያላ! ወላሂ መዳፌ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኋት። ለምን ልጠይቃት? ያደረገችው እሷ፣ እሷ ትናገር!

ከዚያ ወዲያ ጉልበታችን እየተነካካ ተቀምጠን የምናወራው በደንበኛ አፍ ሆነ።

"እስቲ መቀሱን እንድታቀብለኝ ለዘሃራ ንገሪልኝ" እላለሁ።

"ኧረ እትዬ ሀዋ፣ አጠገብዎ ናት እኮ!"

"አውቃለሁ፤ ንገሪልኝ።"

ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መጡ። "ኧረ ምን ተጣልተን!" ብላ ሳቀች ዘሃራ። "ማነው ያስወራብን?" አልኩ እኔ። ማርና ቂጣቸውን በልተው፣ መርቀውን ሄዱ። ከበሩ ሳይርቁ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ማህበሩ መኪናውን በሚወስድበት ዋዜማ ብሎኑን ፈትቼ ራሱን ወሰድኩ። እግሩን ከነፔዳሉ ተውኩላት፤ ትርገጠው! የሕዝብ ንብረት የነካ ምን እንደሚጠብቀው ስለማውቅ መንገዴ ወደ ሱዳን ሆነ።

ድንበሩ ላይ፣ ኩርሙክ፣ የሱዳን ፖሊስ ጋቢውን ገለጠው።

"ያ ሀጃ፣ እናቴ፣ ምንድን ነው?"

"ስፌት መኪና።"

"እግሩስ?"

"ጅማ ነው።"

"መቼ ይመጣል?"

"እሱን ዘሃራን ጠይቃት!" አልኩት። እየሳቀ አሳለፈኝ።

ካርቱም ሰማዩ አቧራ እንጂ ውሃ አያውቅም። ኪስራ የሚሉት እንጀራ አለ፤ ከመሳሳቱ የተነሳ ማዶው ይታያል። ፉሉንስ፣ የባቄላ ወጣቸውን፣ ለመድኩት፤ ግን የጅማን ማር የቀመሰ አፍ እዚህ ምን ይጥመዋል? ዴም በሚባለው ሰፈር ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ ደግሞ በየጠዋቱ አትለቀኝም።

"ይህ ብረት ይሰፋል?"

"አይሰፋም።"

"ይሸጣል?"

"አይሸጥም።"

"ታዲያ ለምን አብሮሽ ይኖራል?"

"አንቺስ ከባልሽ ጋር ለምን ትኖሪያለሽ?" ብላት ልታስወጣኝ ምንም አልቀራት። ያገሬ ልጆችም "ገበያው ሞልቷል፣ ሌላ እግር ግዢለት" ይሉኛል። አልገዛም! በእጄ እየሰፋሁ ዓይኔ ይጥፋ እንጂ አልገዛም።

ዘንድሮ ከጅማ አንድ የመንደራ ቆጪ ሰፈር ልጅ መጥቶ ጉዱን ነገረኝ። ዘሃራ መኪናውን ለመስጠት የፈረመችው "እምቢ ካላችሁ ሁለታችሁም በአሻጥር ትታሰራላችሁ" ተብላ ነው። የመኪናው ራስ ሲጠፋም አንድ ክረምት ታስራ "ሌባ ገብቶ ነው" እንዳለች ተፈታች፤ ስሜን አልጠራችም።

ሰምቼ ባሰብኝ። ይህንንም ከሰው አፍ! ስለ እኔ ስትታሰር እንኳ ለእኔ አትነግረኝም?

ስልክ ቤት ሄጄ በቀጠሮ አስጠራኋት።

"ሀዋ! አካም ጅርታ?" ብላ በኦሮምኛችን ደህንነቴን ጠየቀችኝ። ጨከንኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

መስመሩ ሾ ሲል ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅኩት።

"እግሩን ጥለውት ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ዘይት እቀባዋለሁ" አለች። ከዚያ ደግሞ "እዚያስ ዝናብ አለ?"

ዝናብ! ስንት ዘመን ቆይቼ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ብጠይቃት፣ ዝናብ! ልጮህባት አፌን ከፈትኩ።

"የለም" አልኳት። "ጅማስ?"