ሁለት ካሜራ በቡሬ፦ ሙሉው ወይስ ጉርዱ?

ፍኖተ ሰላም፣ ንጋት

መናኸሪያው ገና በጭጋግ እንደተሸፈነ ነው። ረዳቱ «ቡሬ! ቡሬ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን እኔና ዶሮ ያቀፈች አንዲት ሴት ብቻ ነን። ቦርሳዬ ውስጥ ሌንስ አለ፤ ካሜራ የለም። ፎቶ ቤቴን የከፈትኩበት ካሜራ ከመስቀል በኋላ ሞተብኝ። ጠጋኙ «ይኼ አልቆለታል፣ ሌላ ግዢ» ብሎ መለሰልኝ። ያጠራቀምኩት ለአንድ ካሜራ ብቻ ይበቃል። ዛሬ ከተሳሳትኩ ለብዙ ዓመት ከስሕተቴ ጋር ነው የምሠራው።

ማንኩሳን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። የጤፉ ማሳ ቢጫ ሆኗል። ቡሬ ስንገባ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ሾፌሩን ሳይቀር አስነጠሰው።

ቡሬ፣ ረፋድ

ጋሽ ይሁኔ የቡሬ የቆዩ ፎቶ አንሺ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ሥራውን እየተዉት ነው፤ ካሜራቸውንም ይሸጣሉ። ሁለት ካሜራ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ። አንዱ ሙሉ ፍሬም፤ ከባድ፣ ቀለሙ የተላላጠ። ሌላው ክሮፕ፤ ቀላልና አዲስ። ያኛው በማርጀቱ፣ ይኼኛው በትንሽነቱ፣ ዋጋቸው እኩል ሆኗል።

«ልዩነታቸውን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ካሜራ ያወቅሁትም ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ነው። «እስቲ ይንገሩኝ» አልኩ።

«ውስጡ ምስሉን የሚቀበል ሳሕን አለ በይ። የሙሉው ሳሕን ሰፊ ነው። ግራ ቀኙን ያስገባል፤ ጨለማም አይበግረው። የክሮፑ ጠባብ ናት። በዚያው ሌንስ ዳር ዳሩን ትቆርጠውና ሩቁን ያቀረበችው ይመስላል። በይ ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ። ገጠር ለክርስትና ድግስ ተጠርቻለሁ፤ በእኔ ፈንታ አንሺላቸው። ማታ አንዱን ትመርጫለሽ፤ የቀረውን ከባሕር ዳር የሚመጣ ልጅ ይወስደዋል።»

ገጠር፣ ቀትር

ባጃጁ ድልድዩ ላይ ጣለኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ቤተሰቡ ከአዊ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ አማርኛውንም አገውኛውንም እያቀላቀሉ ያወራሉ። ሕፃኑ በማለዳ ተጠምቆ አሁን ተኝቷል።

አባቱ ጌትነት «ሁለት ካሜራ ለምንሽ ነው?» አለኝ።

«አንዱ ሙሉ ነው፣ አንዱ ይቆርጣል» አልኩት። ከዚህ በላይ ማብራራት አልቻልኩም።

ወሬው ወዲያው ተዛመተ፦ ልጅቱ ሙሉና ጉርድ ይዛ መጥታለች! በእኛ አገር ሙሉ ማለት ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚነሱት ነው፤ ጉርድ ደግሞ ከደረት በላይ፣ ለመታወቂያ። የሕፃኑ አያት እማማ የሻሽ ከመደቡ ላይ ሆነው ጮኹ።

«ጉርዱን ወዲያ በይልኝ! ለቀበሌ ነው እንዴ የምነሳ? በሙሉው አንሺኝ፣ ጫማዬ ይታይ!»

ጫማቸው ገና ዛሬ የተደረገ ነው። «እሺ እማማ» አልኩ።

ቤቱ ጨለም ያለና በሰው የተሞላ ነው። በሙሉው ሳነሳ ሁሉም ገቡ፤ ፊታቸውም ጥርት አለ። በክሮፑ ስሞክር ጀርባዬ ግድግዳ ነካ፣ የክርስትና አባትየውም ለሁለት ተቆረጡ። ምስሉን ሲያዩ «ምነው ልጄ፣ ከዘመድ ለየሽኝ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። በቃ፣ ሙሉው ነው አልኩ በልቤ።

ከምሳ በኋላ እማማ የሻሽ ከጎረቤታቸው ጋር ደጅ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሙሉውን ይዤ ቀረብኳቸው። ወዲያው ቀጥ ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ፊታቸው ተቋጠረ። አንድ ሁለቴ አነሳኋቸውና ወደ ጭድ ክምሩ ሄድኩ። የሄድኩ መስሏቸው ለጎረቤታቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሏት። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ክሮፑን አውጥቼ ከክምሩ ጥግ ሲስቁ አነሳኋቸው።

ሳይመሽ ምስሎቹን ላሳያቸው ዞርኩ። የቤቱን ፎቶ እያንዳንዱ ራሱን ይፈልግበታል፤ ካገኘ በኋላ ለሌላው ያቀብላል።

«እኔ የታለሁ?» አሉ እማማ የሻሽ።

«ይኸውና እማዬ፣ እዚህ» ጌትነት በጣቱ አሳያቸው።

«ይች ምስር የምታህለው?»

«ጫማሽም አለ።»

ያችኛዋን፣ ከጭዱ ጥግ ያነሳኋትን፣ የሚስቅ ፊታቸው ብቻ ያለባትን አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩዋት።

«ይችን እጠቢልኝ» አሉ። «ስሞትም የምታቆሙ ይችን ነው።»

«ጉርድ እኮ ናት!» አለ ጌትነት።

«ብትሆንስ? ጫማዬ አይስቅ!»

ቡሬ፣ አመሻሽ

የባሕር ዳሩ ልጅ ቀድሞኝ ደርሶ ቆሟል። ጋሽ ይሁኔ ክሮፑን ስይዝ አይተው «ሙሉውን ትተሽ? ጨለማ ቤት ውስጥ ትቸገሪያለሽ» አሉኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ሙሉውን ከያዝኩ ግን መቅረብ አለብኝ። ስቀርብ ደግሞ ሰዉ ሳቁን ይተዋል።»

ሳልጨርስ ልጁ ሙሉውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። «እህቴ፣ ሐሳብሽን እንዳትለውጪ!»

የመጨረሻው ሚኒባስ

ጋቢና ደረሰኝ። ማንኩሳ ሰው ለማውረድ ስንቆም ሾፌሩ ጭኔ ላይ ያለውን አየ።

«አዲስ ነው? እስቲ መርቂው፣ እኔን አንሺኝ።»

አነሳሁት። አንድ ጆሮና ግማሽ ጢም ወጣ።

«ሌላው ፊቴ የት ሄደ?»

«ተቀራርበን ነው። ከመጨረሻው ወንበር ቢሆን ይገባል።»

«ታዲያ ሂጂያ! እኔ እንደሆነ አልጠፋ።»

ወርጄ በጎን በሩ ገባሁ። የኋላው ወንበር ላይ አራት ሰው ተጣቧል፤ ሁሉም ያየኛል። ካሜራውን ከፍ አደረግሁ።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ» አልኩ፤ ድምፄ ሾፌሩ ድረስ ተሰማ።

ተጠጉልኝ።