ፍርሃት ያስጠናንበት ጨዋታ

የስደት ታሪኩን የሚጽፍ ሁሉ በሌሊት ነው የወጣው። ጨረቃ ትጠልቃለች፣ ውሻ ዝም ይላል፣ እናት ድምፅዋን ውጣ ታለቅሳለች። እኔ ከላሊበላ የወጣሁት ቅዳሜ ቀን፣ ገበያው ደርቶ ሳለ፣ የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት ይዤ ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ደረስኩና፣ ጽሕፈቷ ያማረ ነው ተብዬ የሊቀ መንበሩ ጸሐፊ ሆንኩ። ሰውየው ማኅተም እንኳ ገልብጦ ነበር የሚመታው። አንድ ቀን ለሰፈራ የሚጫኑትን ሰዎች ስም ጻፊ፣ ከላይም "በፈቃዳቸው" በይበት አለኝ።

"ጠይቃችኋቸዋል?" አልኩት።

"ምን ያስጠይቃል? ፈቃዳቸውን እኛ እናውቅላቸዋለን።"

ስሞቹን ትቼ ለራሴ "የገብስ ዘር ለመግዛት ወደ ፍላቂት" የሚል ይለፍ ጻፍኩ። ሳያነብ ገልብጦ መታበት። ከፍላቂት በጭነት መኪና ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ፣ ከዚያ በእግር። የመንገዱን መከራ ሌሎች ከኔ አስበልጠው ጽፈውታል፤ አንዳንዶቹም ሳይሄዱበት።

ካርቱም ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የኛን ሊመስል ሞክሮ ያቃተው ነው። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ዓይን የለውም፣ ወጥ ሲነካው ይሟሟል። ነፋሳቸው አሸዋ ተሸክሞ ቤት ይገባል፤ የላስታ ነፋስ ቢበርድም ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። እኛ ሐበሾች ሐጅ ዑስማን በሚባሉ ሰው ግቢ ተከራይተን ነበር። እኔ አለሁ፤ ከወልዲያ የመጣ ከድር የሚባል ጨርቅ ነጋዴ አለ፤ ከገነተ ማርያም የመጡ መሪጌታ ይባቤ አሉ፤ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ፣ አንድ ዓይናቸው የደፈረሰ ሽማግሌ።

የመሪጌታ ነገር ነበር የሁላችን ጭንቅ። ሴት ልጃቸው ስዊድን አገር ሆና ልትቀበላቸው ዝግጁ ናት፤ የቀረው የስደተኞች ቢሮ ኢንተርቪው ማለፍ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ኢንተርቪው ጠያቂው በአስተርጓሚ፣ "አገርዎ ቢመለሱ ማንን ይፈራሉ?" አላቸው።

"ከእግዚአብሔር በቀር ማንንም።"

"ምን ጉዳት ደረሰብዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ!"

ጠያቂው "አመልካቹ የሚፈሩት ነገር የለም" ብሎ ጻፈና ዘጋው። ስደተኛ ማለት የሚፈራ ሰው ነው ይላል ሕጋቸው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ ፍርሃቱን ለእንግዳ አያወራም ይላል የኛ። የቀረችው አንዲት ኢንተርቪው ናት፣ በወሩ። ያቺን ከወደቁ መጀመሪያ ወደነበሩበት የጠረፍ ካምፕ ሊመለሱ ነው። እዚያ ክረምት ሲገባ ወባው ጎልማሳውን እንኳ አይምርም።

በዚያው ሰሞን እንግሊዝኛ ሊያስተምረን የመጣ ፒተር የሚባል በጎ ፈቃደኛ አንድ ሳጥን ይዞ መጣ። "ሮል ፕሌይንግ" ይባላል አለን፤ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ሌላ ሰው ሆኖ ይናገራል፣ መሪው ምን እንደገጠመው ይነግረዋል፣ ይሳካለት አይሳካለት ሃያ ፊት ያለው ዳይስ የሚባል የቁጥር ጠጠር ይወስናል። ወፍራም የሕግ መጽሐፍም አለው።

"ዋሻ ደጃፍ ደርሳችኋል" አለ ፒተር። "ምን ታደርጋላችሁ?"

መሪጌታ አሰቡና፣ "ጫማዬን አወልቃለሁ" አሉ።

"ውስጥ ጭራቅ አለ እኮ!"

"ዋሻ ውስጥ ያለማ መነኩሴ ነው። ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ስንት ዓመት ስመላለስ ጭራቅ አላየሁም።"

"ጭራቁ ሳጥን ሙሉ ወርቅ ይጠብቃል" አለ ፒተር ተስፋ ሳይቆርጥ።

"ታዲያ ወርቁ የሱ ነዋ" አለ ከድር። "ሰው ቤት ገብተን ምን ልንሆን ነው? ወላሂ ይሄ ጨዋታ ዘረፋ ነው።"

መጽሐፉን ተውሼ በመዝገበ ቃላት ሁለት ሳምንት አነበብኩት። እንዲህ ያለ ግዴለሽ ሕግ አላየሁም። በሰይፍ የተወጋ ሰው አንድ ሌሊት ተኝቶ ድኖ ይነሣል። የወርቅ ክብደት በዝርዝር ተጽፏል፤ ጀርባ ላይ የታዘለ ልጅ ስንት እንደሚመዝን አንድ መስመር የለም። ፍርሃትን ደግሞ ዳይስ ይወስነዋል፤ ከአምስት በታች ከመጣ ትሸሻለህ፣ ተራው ሲያልፍ ፍርሃቱም ያልፋል። የጻፈው ሰው ከቤቱ ደጃፍ የራቀ አይመስለኝም።

"ሕጉን ልለውጠው ነው" አልኩት ፒተርን።

"ትችያለሽ፤ መሪው መለወጥ ይችላል ይላል መጽሐፉ።"

"ባይልም ልለውጠው ነበር።"

ዋሻውን ቢሮ፣ ጭራቁን ጠያቂ አደረግሁት። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ዳይሱን ለጠያቂው ጠባይ ብቻ አስቀረሁት፤ በእውነቱም እንደዚያው ነው፣ ቁርሱ ካልተስማማው ትወድቃለህ። "ደህና ነኝ" ወይም "ምን ጎደለብኝ" ያለ ተራው ያልፈዋል። መሪጌታ ሳምንቱን ሙሉ ተራ አላገኙም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሐጅ ዑስማን በሩን በርግደው ገቡና ዳይሱን አዩ።

"ቁማር! በኔ ግቢ!"

"ኧረ ትምህርት ነው፣ ሐጅ" አለ ከድር።

"የምን ትምህርት?"

"መፍራት እየተማርን ነው።"

ሐጅ አንድ በአንድ አዩን። "ፖሊስ ልጥራላችሁ፤ በነጻ ያስተምራችኋል" ብለው ወጡ።

ኢንተርቪው አምስት ቀን ሲቀረው ሕጉን እንደገና ለወጥኩ። ሁሉም የራሱን ታሪክ ትቶ የጎረቤቱን የማመልከቻ ወረቀት አጥንቶ እሱን ሆኖ ይመልስ አልኩ። መሪጌታ ከድርን፣ ከድር መሪጌታን እንዲሆኑ። መሪጌታ የራሳቸውን ከሌላ አፍ ሲሰሙት የት ላይ እንደሚሳሳቱ ይገባቸዋል ብዬ ነው። በወረቀታቸው ላይ፣ "ወታደሮች ሰው ካጎሩበት መጋዘን ቄሶችን ለይተው ሲወስዱ እኔን እግዚአብሔር ሰወረኝ" የሚል መስመር ነበረ። ያቺ መስመር ከጅምሩ አልጣመችኝም።

ከድር ፎጣውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ተቀመጠ። እንደ መሪጌታ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ሁላችን ሳቅን፣ መሪጌታም ሳቁ።

"ወታደሮቹ ምን አሉ?" አልኩት።

"'ጥምጣም ያለው ይነሣ!' አሉ።"

"ያን ጊዜ እርስዎ?"

"እግዚአብሔር ሰወረኝ።"

"እንዴት አድርጎ?"

ከድር አገላብጦ ፈለገ። ወረቀቱ ላይ የለማ። "ደመና ላከልኝ" አለ በመጨረሻ። "ይችን የምታህል፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ መሪጌታ እጃቸውን ወደ ከድር ራስ ዘርግተው አየኋቸው።

"ፍታው" አሉ።

"ምኑን፣ መሪጌታ?"

"ጥምጣሙን ፍታው። ያን ቀን ራሴ ላይ አልነበረም።" ድምፃቸው ልክ እንደሚያስተምሩ ነበር። "የወታደሮቹን መኪና ድምፅ ስሰማ ፈትቼ ተቀመጥኩበት። ከጎኔ የነበሩት ቄስ የራሳቸውን አልፈቱም። እሳቸውን ወሰዱ። ሲነሡ አዩኝ፤ የተቀመጥኩበትንም አዩ። ምንም አላሉኝ።"

ከድር ፎጣውን ፈትቶ የሚያኖርበት ጠፋው። እኔ ጠያቂ ነበርኩና እስክርቢቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የሚያሳፍረውን ነገር ልንገራችሁ? መጀመሪያ ያሰብኩት፣ "በቃ፣ ያልፋሉ" ብዬ ነው።

አለፉም። ለጠያቂው እንዳለ ነገሩት። ሰውየው ሦስት ገጽ ሞልቶ ጻፈ፣ እጃቸውንም ጨበጣቸው። ባለፈው ማንንም አልፈራም ብለው የወደቁት ሽማግሌ አሁን ስለፈሩ ተከበሩ። ከድር ሻንጣቸውን ተሸክሞ ኤርፖርት ሸኛቸው። እኔና እሱ እስከ ዛሬ እዚሁ አሸዋ ውስጥ ነን፤ እሱ ጨርቅ ይሸጣል፣ እኔ ለሐበሻው ሁሉ ማመልከቻ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት በሐጅ ዑስማን ሱቅ ስልክ ተደወለልኝ። መሪጌታ ነበሩ። ድምፃቸው በጣም ቅርብ ነው።

"ልጄ፣ እዚህ ሰው ደግ ነው። ቤቱ ሙቅ ነው። ግን በር ሲንኳኳ እደበቃለሁ። ፖስታ የሚያመጣውን ሰውዬ እንኳ። ሴት ልጄ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ አሁን ታለቅሳለች።"

"ሐኪም ዘንድ አልሄዱም?"

"ሄድኩ። እሱም ንገረኝ ይላል። ሌላ ሐኪም ጨመሩልኝ፣ እሱም ንገረኝ ይላል። በአፌ ሳላወጣው በፊት እተኛ ነበር። አንቺ ያን መጽሐፍ ጠንቅቀሽ አንብበሻል። ጨዋታው የሚያልቅበት ሕግ ምን ይላል?"

ጨዋታው ማለቂያ የለውም ነው የሚለው፤ ተጫዋቾቹ እስከፈለጉ ድረስ ይቀጥላል። መጽሐፉንም ፒተር ይዞት ሄዷል። ሐጅ ስልኩን እንድመልስላቸው በእጃቸው ያጣድፉኛል።

"ይቆዩኝ፣ ልመልከትልዎት" አልኳቸው።