የወረደው ቡድን

ዛሬ ኢቶቢኮ በሚባለው ሰፈር በምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ሱፐርቫይዘሬ «ዓርብ የመጨረሻ ቀንሽ ነው» አለኝ። ወደ አውቶቡስ ስሄድ የተጠበሰ በቆሎና የሎሚ ሽታ አስቆመኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ የሁዳዴ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ እትዬ አስካለና እኔ ሜክሲኳዊቷ ጎረቤታችን ሮሳ ቤት ገብተን የአገሯን የእግር ኳስ ሊግ እናይ ነበር። ጾማችንን ስለምታውቅ በቆሎውን ያለ አይብ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ ሰጠችን። የእሷ ቡድን ከሊጉ መውረዱ ከሳምንት በፊት ለይቶለት ነበር። ቲቪውን ልታጠፋ ስትነሳ እትዬ እጇን ያዙ።

«ወርደዋል እኮ፣ እትዬ። ጌሙ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«መውረዳቸውን እነሱም ሰምተዋል፤ ይኸው ይሮጣሉ። እኛ ማን ደስ እንዲለው ነው የምናጠፋው?»

ስንት ለስንት እንዳለቀ ረስቼዋለሁ። የመጨረሻው ፊሽካ እስኪነፋ ግን ሦስታችንም ቆመን እያየን ነበር።

ዓርብ ገና ነው። ነገ ሥራ ከሁሉም ቀድሜ እገባለሁ።