የቴሌቪዥኑ እንፋሎት

ይህ ነገር ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ያኔ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የማወራው ስለ አንድ የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ነው። ያን ዝግጅት ባስታወስኩ ቁጥር መጀመሪያ ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ይከፋኛል። አንድም ቀን ቅደም ተከተሉን ስቶ አያውቅም።

ዝግጅቱ የሚተላለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ነበር። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሽርጥ የታጠቁ ሴትዮ ከጠረጴዛ ኋላ ይቆማሉ። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃና የተደረደሩ ብርጭቆዎች አሉ። ቅመሙ ሁሉ ቀድሞ ተለክቶ በብርጭቆ ይጠብቃቸዋል። ሴትዮዋ አይቸኩሉም። "አሁን ሽንኩርታችንን እናቁላላለን" ይሉና በእውነት እስኪቁላላ ይጠብቃሉ፤ እኛም አብረን እንጠብቃለን። ቀልድ የለ፣ ጭፈራ የለ፣ የማማሰያው ድምፅ ብቻ ነው። ወጡ የሚቆይ ዓይነት ከሆነ ግን "ቀደም ብዬ ያዘጋጀሁት" ብለው የበሰለውን ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ያደርጉታል።

አሠሪዬ እትዬ ሙሉ ይህን ባዩ ቁጥር "ምነው ለእኔም ከጠረጴዛ ሥር አብስሎ የሚያቀብለኝ ባገኝ!" ይላሉ። በየሳምንቱ ይሉታል፣ በየሳምንቱ እንስቃለን።

በመጨረሻ የሚያስፈልጉት ነገሮች ዝርዝር በጽሑፍ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። የማታ ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ዝርዝር ነው ብል አላጋነንኩም። እርሳስና ደብተር ይዤ እጠብቅና እገለብጠዋለሁ። ዝርዝሩ ከእጄ ስለሚፈጥን ደብተሬ ላይ ካሉት ወጦች ሁሉ አንድ ሁለት ነገር ይጎድላል።

ስለ ወንድሜ ካልተናገርኩ ግን የቀረው አይገባም።

የተወለድነው ከሰላ ድንጋይ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አሥር ዓመት ሲሆነኝ ውርጭ ገብሱን መታው። አባቴ ከጅሩ በኩል ጓያ በአህያ ጭኖ አመጣ። ለወራት የበላነው እሱን ነው፤ ቁርሱም ንፍሮ፣ ራቱም ንፍሮ። ጓያ ሰው ሽባ እንደሚያደርግ በአገራችን የማያውቅ የለም። "ጓያ ሰበረው" ይባላል። የሚሰብረው ግን ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ተብሎ ነበር የሚታመነው።

ስለዚህ እናቴ ጓያ ስትቀቅል ሁላችንንም ከቤት ታስወጣናለች። ድስቱን ግጥም አድርጋ ትከድናለች። እሷም ብትሆን አፍንጫዋን በነጠላዋ ሳትሸፍን አትጠጋውም። ከቀዘቀዘ በኋላ "ኑ ግቡ" ስትለን ገብተን እንበላለን።

ታላቅ ወንድሜ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ከአባቴ ጋር ያርስ ስለነበር ከሁላችንም ይልቅ ይርበው ነበር። አንድ ቀን አልቻለምና ሾልኮ ገብቶ ክዳኑን አነሣ። እናቴ ደርሳ ጮኸች፣ እንፋሎቱ ግን ፊቱ ላይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ ወዲህ ያለ ሁለት ዱላ ቆሞ አያውቅም።

መንደሩ "እናቱን አልሰማ ብሎ" አለ። እሱም አመነ። ካደገ በኋላ ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ፣ ስግደት ተሰጠው። ጊዜው ሲያልቅ ነፍስ አባቱ "ይበቃሃል፣ አንተ በሽተኛ ነህ" ቢሉትም አላቆመም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ዱላዎቹን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና እግሩን እየጎተተ በእጁ ይሰግዳል፤ እናቴን ባለመታዘዜ ይቅር በለኝ እያለ።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። እናቴ ዓይኗን ልትታይ ከአገር መጥታ ነበር፣ ቀጠሮዋ ለሰኞ ነው። እትዬ ሙሉ ሶፋው ላይ ከአጠገቤ አስቀመጧት። ሴትዮዋ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ "እንደምን አደራችሁ?" ሲሉ እናቴ ብድግ ብላ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?" አለች።

"እማማ፣ አይሰሙዎትም እኮ" አሉ እትዬ ሙሉ ሳቃቸውን እየዋጡ።

"ባይሰሙኝስ? ሰላምታ ይዋጣል እንዴ?" አለችና ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ቀጠሉ፦ "ዛሬ የምናዘጋጀው ብዙዎቻችን የምንፈራውን ነው። ጓያ።"

እናቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። "ይህንንም ከተሜ ይበላዋል?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሴትዮዋ የሚፈላውን ድስት ክዳን አነሡት። እንፋሎቱ የቴሌቪዥኑን መስኮት ሞላው። እሳቸው ደግሞ ፊታቸውን ጭራሽ ወደ ድስቱ አስጠጉ።

"ዞር በዪ! ኧረ ዞር በዪ አንቺ ሴት!" ብላ እናቴ ጮኸች። በነጠላዋ አንድ ጫፍ አፍንጫዋን ያዘች፣ በሌላው ጫፍ ጉልበቴን ሸፈነችው። እኔንም ከቴሌቪዥኑ እንፋሎት ልታድነኝ ነው። እኔና እትዬ ሙሉ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እሷም አፍራ መሳቅ ጀምራ ነበር።

ሴትዮዋ እንዲህ አሉ፦ "እናቶቻችን እንፋሎቱ ይሰብራል ይሉን ነበር። እኔም ያንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሐኪሞች ጠይቄ እንደተረዳሁት ግን እንፋሎቱ ማንንም አይሰብርም። የሚሰብረው መብሉ ነው፣ ለወራት እሱን ብቻ ሲበሉት። ስለዚህ ቀድመን እንነክረዋለን፣ ውሃውን እንደፋለን። የተቀቀለበትንም ውሃ እንደፋለን እንጂ አንጠጣውም። ስንበላውም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለን፣ ለዚያውም አልፎ አልፎ ነው።"

የረጋ ድምፃቸውን አልቀየሩም። ስለ ሽንኩርት የሚያወሩ ነበር የሚመስለው።

"ምን አለች?" አለች እናቴ። ሰምታለች፤ ፊቷ ላይ ይታያል።

እትዬ ሙሉ የወንድሜን ነገር አያውቁም። በደግነት አንድ በአንድ ደገሙላት።

"የተቀቀለበትንም ውሃ?" አለች እናቴ።

"አዎ እማማ፣ እሱም አይጠጣም ነው የሚሉት።"

ዝርዝሩ ወደ ላይ ማለፍ ሲጀምር እኔ እርሳሴን አላነሣሁም።

ማድ ቤት ስገባ ተከትላኝ ገባች። በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈች።

"ፍሬው ለሁላችሁ አይበቃም ነበር" አለች። "እሱ ያርሳል። ውሃውን ጨው ጣል አድርጌበት በጣሳ ለእሱ ለብቻው ነበር የምሰጠው። እናንተ እንዳታዩ፣ እንዳትቀኑበት። 'ጠጣ ልጄ፣ ጉልበት ይሆንሃል' እያልኩ።"

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

"ዛሬውኑ እሄዳለሁ፣ ዓይኔም ይቅር" አለች። "ልጄ ባልሠራው ኃጢአት ይሰግዳል እኮ!"

"ተይው እማዬ" አልኳት። "እግሩን አይመልስለት። ምን ይጠቅመዋል? እንዲጠላሽ ነው?"

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከቤታችን ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ የተማረ ሰው ቃል ትፈራ ነበር፣ የገዛ ልጇም ቢሆን። "እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አለች። በማግስቱ ዓይኗን ታየች፣ ጠብታ ተሰጣት፣ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ወንድሜን "ይብቃህ ልጄ፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ" ትለው ነበር። እሱ "አንቺ ብትይኝም እግዜር አለ" ይላትና ይቀጥላል። ያኔ ወደ ውጭ ወጥታ፣ ስግደቱን ጨርሶ ዱላውን እስኪያነሣ ብርድ ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻታለሁ።

እናቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። የአርባዋ ዕለት እንግዳው ሁሉ ተበትኖ ሁለታችን ስንቀር፣ ለወንድሜ የቴሌቪዥኑንም የውሃውንም ነገር ነገርኩት። ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሰማኝ።

"ውሃው ይጣፍጠኝ ነበር" አለ መጀመሪያ።

ከዚያ "አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"ይቅር እላት ነበር እኮ! ምን አድርጋ ነው? ልጇ ራበው፣ ያላትን ሰጠችው። ስቄ ነበር ይቅር የምላት። አሁን ማንን ልበል? አፈር ይሰማል?" አለ። "እዚሁ ፊቷ ተደፍቼ ስነሣ እያየች… ለምን አልነገረችኝም?"

"ፈርታ ይሆናል ጋሼ" አልኩት።

ዘንድሮ ሁዳዴ አልሰገደም። እናታችን መቃብር አጠገብ ሲያልፍም እንደማይቆም የመንደሩ ሰው ነግሮኛል።

እኔ አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ አንዳንዴ የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ያነሣሉ። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ብርጭቆዎቻቸው፣ ከጠረጴዛ ሥር ስለሚወጣው ወጥ ያወራሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሴትዮዋን ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ሰው ይጠቀምበታል ብለው እውነቱን ሳያካብዱ ነገሩን። እናቴም በሰማች በደቂቃው ልትናገረው ተነሥታ ነበር። በሩ ላይ የመለስኳት እኔ ነኝ። ከሞተች በኋላ ደግሞ "ፈርታ ይሆናል" ብዬ የእኔን ጥፋት እሷ ላይ ጫንኩት።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት የምልከው፣ እናታችንን የመለስኳት እኔ መሆኔን ለወንድሜ ከነገርኩት በኋላ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ግን ገና አልነገርኩትም። እስካሁን ሁለት ቅዳሜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ፣ የሰላ ድንጋይ መኪና ሞልቶ ሲወጣ አይቼ ተመልሻለሁ።